የሶስት ወሩ ስኳር 8.1፣ ሰንሰሩ ግን ሌላ ይላል

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ላላቸው ሰዎች ነው። በተለይ ሕመምተኛው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት የወሰደ፣ ዕድሜው ገፋ ያለና የሚጾም ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሐኪም አይደለሁም። እናቴን ደሴ ውስጥ የማስታምም፣ ወረቀት የማገላብጥና ዶክተር የምጨቀጭቅ ልጅ ነኝ።

እናቴ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ጠዋት ትወስዳለች። የሶስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ፣ ላብራቶሪዎቹ ኤዋንሲ (HbA1c) የሚሉት፣ ሁሌም ሰባት አካባቢ ነበር የሚመጣው። ከዚያ ድንገት 8.1 አለ። ቤቱ ተረበሸ። አንዱ ዳቦውን ነው ይላል፣ ሌላው ቡናው ላይ የምትጨምረውን ስኳር ይከሳል፣ እሷ ደግሞ «ምን በላሁና!» ብላ ተቆጣች። ቀጥሎ የሚመጣው መድኃኒት መጨመር እንደሆነ ሁላችንም ገምተናል።

መድኃኒቱ ያልተጨመረው ለንደን ያለችው እህቴ የስኳር መለኪያ ሰንሰር ስለላከች ነው። ከክንድ ጀርባ የምትለጠፍ ክብ ነገር ናት፣ ከሥሯ አንዲት ቀጭን ክር ቆዳ ውስጥ ትገባለች። የእኛዋ 14 ቀን ሠርታ የምትጣል ዓይነት ናት። የምትለካው ደሙን ሳይሆን በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከጣት ደም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ልትቀር ትችላለች፣ በተለይ ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ቁጥሯ ይዋዥቃል፤ እሱን ቀን እኛ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

አሁን ማንም ያልነገረንን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ። ከእንግሊዝ የመጣው ማንበቢያ፣ ሰንሰሯ ላይ አስጠግተን ቁጥሩን የምናይበት ማሽን፣ ስኳርን የሚያሳየው እኛ በለመድነው መለኪያ (mg/dL) አይደለም፣ mmol/L በሚባለው ነው። መጀመሪያ ስናነብ 7.9 አለ። ጎረቤታችን እትዬ «ስኳሯ ሰባት ገባ!» ብላ ልትጮህ ነበር። በ18 ማባዛት ብቻ ነው። 7.9 ማለት 142 ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው እንደኛው ነው፣ ማባዛት አያስፈልገውም። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ማንበቢያው ጀርባ ላይ ለጥፉት፣ ምክንያቱም ሌሊት ላይ ስኳር የወረደበት ሰው አጠገብ ቆሞ ሒሳብ የሚሠራ የለም።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ማንበቢያው በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል፣ እናቴ በእኛ። ደብተሯ ላይ «ምሳ 9 ሰዓት» ትላለች፣ ማሽኑ ላይ 9 ሰዓት ፍለጋ ብትሄዱ የምታገኙት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የነበረውን ነው። ቀኑም እንደዚያው፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ በፈረንጅ፣ የቀጠሮ ካርዱ በኢትዮጵያ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ደም ውስጥ የተገኘውን ከማሽኑ ግራፍና ሰውየው በዚያ ሰዓት ካደረገው ነገር ጋር ማጋጠም ስለሆነ፣ ሰዓቱ ከተዛባ ሁሉም ገደል ነው። እኛ ለደብተሩ ሁለት ዓምድ አሰመርን፣ አንዱ የእሷ ሰዓት፣ አንዱ የማሽኑ።

ሶስተኛ፣ ሰንሰሯ ይዛ የምትቆየው ያለፈውን 8 ሰዓት ብቻ ነው። ማንበቢያውን ካላስጠጋችሁ ከዚያ በፊት ያለው ይጠፋል። እናቴ በጊዜ ተኝታ ለኪዳን ስለምትነሳ ግራፉ ላይ ሁሌ ክፍተት ይቀር ነበር። እኔ ስለማመሽ ከመተኛቴ በፊት ሄጄ ክንዷ ላይ አስጠጋለሁ፣ በልብስ ላይም ስለሚያነብ ማስነሳት አያስፈልግም።

አንድ ሌሊት 3.2 አለ። ስድሳ እንኳ የማይሞላ ማለት ነው። በድንጋጤ ቀሰቀስናት፣ ጣቷን ወጋን፣ 98። ደህና ናት! ለካ በዚያው ክንድ ላይ ተጋድማ ነበር። ሰንሰሩ ላይ ሰውነት ሲጫነው ፈሳሹ ስለሚቀንስ የውሸት ዝቅታ ያሳያል። ገልበጥ ብላ ስትተኛ ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ ተመለሰ። የሚቀጥለውን ሰንሰር በግራ ክንዷ ላይ አደረግነው። በነገራችን ላይ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ቫይታሚን ሲ ለጉንፋን አብዝታችሁ የምትጠጡም ተጠንቀቁ፣ እንደ እኛ ዓይነቱ ሰንሰር ላይ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ሰንሰር ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ግን እውነት ሲሆንም ያስደነግጣል።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። እናቴ ጠዋት ክኒኖቿን በውሃ ትውጥና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትቀምሰው። ግራፉ በጾሙ ቀን ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያሳይ ጀመር። ከረፋዱ ጀምሮ ቁልቁል፣ ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ ወለል ይነካል። 3.4፣ 3.1። ይህኛው ተኝታ አይደለም፣ ቆማ ነው። ቤት በዋለችበት ቀን በዚያው ሰዓት ጣቷን ስንወጋ 58 መጣ። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፣ ከ54 በታች ደግሞ አደገኛ። እሷ ግን «ራሴን ያዞረኛል» ስትል የከረመችውን በመቆም ብዛት ነው ብላ ትታዋለች፤ ላቧ ሲመጣም የሕዝቡ ሙቀት ነው ትላለች። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፣ ሆድ ውስጥ ምግብ ኖረም አልኖረም። ረመዷን ላይም ያው ነው። ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ይህንኑ ክኒን ለሱሁር ወስዶ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የነገረን ይሄኔ ነው። በእኛ ቤት ሁለቱም ጾም ስላለ ክኒኑን ከሁለቱም አቅጣጫ አየነው።

እዚህ ላይ የግድ የማወቅ ያህል፦ ስኳር ሲወርድ ሶስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታስገቡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ። ማንበቢያው የሰንሰሩን ጊዜ አማካይ ራሱ ያወጣል፣ የእናቴ 8.4 ነበር። በ18 ሲባዛ 151። የኤዋንሲ ቁጥርም ወደ አማካይ ስኳር ይቀየራል፣ በ28.7 አባዝቶ 46.7 መቀነስ ነው። 8.1ን ብትቀይሩት 186 ይመጣል። አንዲት ሴት፣ አንድ ሰሞን፣ በአንዱ 151 በሌላው 186! ሰንሰሩን ከጣት መለኪያው ጋር ደጋግመን አስተያይተነዋል፣ ከተኛችበት ሌሊት በቀር ተቀራራቢ ናቸው። ጾሙ ትንሽ ዝቅ አድርጎታል ብንል እንኳ ልዩነቱ በዝቷል።

ደብተሩንና ግራፉን ይዘን ቀጠሮዋ ላይ ቀረብን። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ትዕግሥቷ ግን ለጉድ ነው። ግራፉን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ስለ ስኳር መጠየቋን ትታ «እማማ፣ እግርዎ እንዴት ነው?» አለቻት። እናቴም «ኧረ ጉንዳን ይሄድበታል ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ያቃጥለኛል፣ ስኳር ነው አሉኝ» ስትል ዶክተሯ «ምላስዎንስ?» ብላ አስወጣቻት። ለስልሶ ቀይ ሆኗል። ደም ታዘዘ።

ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ላይ ደም ማነስ አለ፣ ቀይ የደም ሴሎቹም ከልክ በላይ ተልቀዋል። ናሙናው ለቫይታሚን ቢ12 አዲስ አበባ ተላከ፣ ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ ተመለሰ።

ዶክተሯ ያስረዳችንን በራሴ አፍ ላስቀምጠው። ኤዋንሲ የሚለካው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ላይ ስንት ስኳር እንደተጣበቀ ነው። ሴሉ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ በኖረ ቁጥር ስኳር ይጣበቅበታል። የሶስት ወር የተባለውም ለዚህ ነው። ቢ12 ሲያንስ አዳዲስ ሴሎች እንደ ልብ አይመረቱም፣ ደሙ ውስጥ ያረጁት ይበዛሉ፣ ያረጁት ደግሞ ብዙ ስኳር ተሸክመዋል። ስለዚህ ስኳሯ ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ይጨምራል። በአይረን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስም እንዲሁ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሴሎች ቶሎ ቶሎ የሚሞቱበት ሕመም ወይም ደም መፍሰስ ደግሞ በተቃራኒው፣ ስኳሩ እያለ ቁጥሩን ያሳምረዋል።

ቢ12ቱ ለምን አነሰ? ሁለት ነገር ተደረበ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ አንጀት ቢ12ን በደንብ እንዳይመጥ ያደርጋል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ እናቴ ደግሞ የፈቃዱንም አታልፍም። በአንድ በኩል የሚገባው ያንሳል፣ በሌላ በኩል የገባውም አይመጠጥም። እግሯን የሚያቃጥላትም ስኳር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የቢ12 እጥረትም ነርቭ ይጎዳል፣ ስሜቱ ደግሞ አይለይም።

8.1ን ብቻ አምነን መድኃኒት ተጨምሮላት ቢሆን ኖሮ፣ ያ በቅዳሴ ሰዓት 3.1 የሚገባው ስኳር የት ይደርስ ነበር? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይዘገንነኛል። ሰንሰሩ ብቻውን ቢሆን ዝቅታውን እናውቃለን፣ ደም ማነሱን አናውቅም። ደሙ ብቻውን ቢሆን ደግሞ የባሰ ያሳስተን ነበር። ሁለቱ ሲጣሉ ነው ነገሩ የወጣው።

የቢ12 መርፌ ተጀመረላት። ግሊቤንክላሚዱ ተቀንሶ ጾም ከምትፈታበት ምግብ ጋር ሆነ። እባካችሁ ይህን አይታችሁ በራሳችሁ እንዳትቀይሩ፤ የእናንተ ሰው ኩላሊት፣ ዕድሜና መድኃኒት ሌላ ነው። ሌላም ነገር ተነገረን፤ መርፌው አዳዲስ ሴሎች ስለሚያስመርት ኤዋንሲው አሁን ደግሞ ያለ አግባብ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ለሶስት አራት ወር እሱን አትመኑት፣ በጣት ቀጥሉ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷ መድኃኒቷን በሰዓቷ እንድትወስድና ሕመሙ ሲጠናባት እንድትቀምስ ነግረዋታል። ከኔ ብትሰማው እሺ አትልም ነበር።

እህቴ በበኩሏ እዚያ አገር ምራቅ ተልኮ ጂን የሚመረመርበት አለ፣ እሱን እናስመርምራት ብላ ነበር። ዶክተሯን ጠየቅኳት። ጂን ይጠቅማል አለች፣ ጥያቄ ሲኖር። ምሳሌ የሰጠችኝ ከራሳችን አገር ነው፣ እኔም በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። ኮዴይን የሚባለውን የሳልና የሕመም ማስታገሻ፣ ሰውነት ውስጥ ሲዋይፒ ቱዲሲክስ የተባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦባቸው ተገኘ። ስዊድኖች ላይ ይህ 1 እና 2 በመቶ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን ሲወስድ ሞርፊኑ በፍጥነትና በብዛት ይወጣል፣ ትንፋሽ እስከማፈን ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን አገራችን ውስጥ የታገደው በዚህ ምክንያት ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ የሳል ሽሮፕ ሲልኩ ኮዴይን እንዳለው አስነብቡ፣ በተለይ ለሕፃን።

ለእናቴ ጥያቄ ግን ጂን መልስ አልነበረውም። እኔ የገባኝ እያንዳንዱ መረጃ የራሱ ዕድሜ እንዳለው ነው። ጂን ዕድሜ ልክ አይቀየርም፣ አንዴ ከታየ ታየ። ኤዋንሲ ስለ ወራት ነው የሚያወራው። ሰንሰር ስለ ደቂቃ። «ዛሬ ቅዳሴ ላይ ለምን ራሴን አዞረኝ» ለሚል ሰው ጂን ብታመጡለት ምን ያደርግለታል? በተቃራኒው ደግሞ የትኛው መድኃኒት ለዘለቄታው አይስማማኝም ለሚል ሰው ሰንሰር አይመልስም።

ሁሉንም አንድ ላይ የሞከረ ሰው አለ፣ ማይክል ስናይደር የሚባል የስታንፎርድ የጂን ተመራማሪ። የራሱን ጂን አስነብቦ ከአንድ ዓመት በላይ ደሙን ደጋግሞ አስመረመረ። ጂኑ ለስኳር ተጋላጭ ነህ አለው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ግን ስኳር አልነበረም። ከዚያ አንድ የቫይረስ ጉንፋን ከያዘው በኋላ ስኳሩ ሲወጣ በዓይኑ አየ፣ አመጋገቡን ቀይሮ አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ያሳተመው። ደስ ይላል፤ ግን የሱን ዓይነት ላብራቶሪ የት አባታችን እናገኛለን። ከሱ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፣ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነበር።

ምግብ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። እስራኤል ውስጥ 800 ሰው ላይ ሰንሰር ለጥፈው ባጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት፣ ያንኑ ምግብ በልተው የሰዎቹ ስኳር ለየቅል ነበር። እኛ የተረፈውን ሰንሰር አጎቴ ላይ አድርገን አየነው። እናቴን ዳቦ በሻይ ሰቅሎ ነው የሚያወጣት፣ እንጀራ በሽሮ ሲሆን ግን ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አጎቴ ተቃራኒ ነው፣ ማታ የሚበላው እንጀራ ነው የሚያስቸግረው። ቆሎ ለሁለቱም ደህና ነው፣ በሶ ለሁለቱም አይሆንም። ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ መራመድ የሁለቱንም ጫፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለዚህ ደሴ ምን ይወጣላታል፣ ከቤት ከወጣችሁ ዳገት ነው።

ስለ አጎቴ ካነሳሁ ሰዓቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኮምቦልቻ ውስጥ በርካሽ የገዛው ስማርት ሰዓት አለ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ኦክስጅን፣ አልፎ ተርፎም ስኳር ይለካል የተባለ። ያለ መርፌ! «ወላሂ ይሠራል» እያለ እናቴን «አንቺም ጣትሽን አትወጊ፣ አብሽሪ» ሊላት ነው። ሰዓቱን ፈታንና የቡና ፔርሙስ ላይ አሰርነው። ፔርሙሱ የልብ ምት 74፣ ስኳር 5.6 ሆነ። ቤቱ በሳቅ ሞተ። ቆዳ ሳይበሱ ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን ማንም እንዳይጠቀም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አስጠንቅቋል፣ አንዱንም አልፈቀድኩም ብሎ። በእነዚህ ሰዓቶች ቁጥር ኢንሱሊን ወይም ክኒን የሚመጥን ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው።

ኦክስጅኑን በተመለከተ ደግሞ፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም ቢሆን ኮምቦልቻ ላይ 96 ያለው የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ 93 ቢል አትደንግጡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። ከፍታ ሄሞግሎቢንንም ይነካል፤ ደጋ የሚኖር ሰው ደሙ ከቆላው ሰው ከፍ ማለት ስላለበት፣ ለቆላው ደህና የሆነ ቁጥር ለደሴ ሰው ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» የሚለው ክልል የት ለሚኖር ሰው እንደተጻፈ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሰንሰር ከየት እናመጣለን ለምትሉ፣ እውነት ነው፣ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፣ ሁሌ የሚገዛም አይደለም። እኛም አሁን የለንም። ከቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት ለሶስት ቀን ከምግብ በፊትና ምግብ ከጀመረች ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም ከመተኛቷ በፊት ጣቷን እንወጋለን፣ ከነሰዓቱና ከነበላችው እንጽፋለን። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ከሶስት ቀኑ አንዱን የጾም ቀን እናደርገዋለን። ኤዋንሲውንና ሲቢሲውን በዚያው ሳምንት እናሠራለን፤ የተራራቀ ቀን ላይ የተሠራ ውጤት ማስተያየት አይመችም። የጣቱ ቁጥርና ኤዋንሲው ሰማይና ምድር ከሆኑ፣ ከመድኃኒት በፊት ደም ማነስ ይታይ በሉ። ሜትፎርሚን ከጀመረ ዓመታት ያለፈው ሰው ካላችሁ ደግሞ እግሩ እስኪያቃጥለው አትጠብቁ፣ ቢ12ን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ አይታዘዝም። የካርድና የውጤት ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉም ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ሸፍኑት፣ አደራ።